ስለ ሳሎን ድራማ አስተያየት አሰጣጥ የወጣ አዋጅ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ ለበርካታ ዓመታት አገሩ በሙሉ አንድ ጣቢያ ብቻ ይመለከት ስለነበረና፣ በዚህም የተነሣ በአቃቂ ፋብሪካዎች በር ላይ ፈረቃ የሚለዋወጡ ሠራተኞች ስለ አንድ ድራማ ያለ አስረጂ ሊጨቃጨቁ ይችሉ ስለነበረ፤

የዲሽ መስፋፋት ይህን አንድነት ከመበተኑም በላይ፣ በ2012 ዓ.ም. የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ኢትዮሳት በተባለው የጋራ ማሰራጫ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ሳተላይት ሲዛወሩ፣ በቱሉ ዲምቱና በገላን ዲሽ አስተካካዩ ከላይ «መጣ?»፣ ቤተሰቡ ከታች «ጠፋ፤ መልሰው!» ሲባባሉ ውለው የተገኘው ምስል ለአንድ ሳሎን አምስት ዓይነት ምርጫ ይዞ በመምጣቱ፤

ከሁሉም በላይ አንድን ድራማ አጥብቆ የሚያወግዘው ሰው ድራማውን ከማንም አብልጦ የሚያውቀው ሆኖ መገኘቱ የሰፈሩን የቡና ጨዋታ ያወከ በመሆኑ፤

የአቃቂ ቃሊቲ ሳሎኖች ጉባኤ የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1። ይህ አዋጅ «የሳሎን አስተያየት አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥር ያልተሰጠው ቁጥሩን ለመወሰን የተጠራው ስብሰባ ከድራማ ሰዓት ጋር በመጋጨቱ ነው።

አንቀጽ 2። የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «አክተር» ማለት በቪዲዮ ቤት ዘመን እንደጸናው ልማድ ማንኛውም ተዋናይ ሳይሆን ጥይት የማያገኘው ዋናው ሰው ነው። «ሪሞት ያዥ» ማለት በዕድሜ ወይም በጉልበት ሪሞቱን በእጁ አድርጎ፣ ማስታወቂያ ሲመጣ ሌላ ጣቢያ ለአፍታ ልይ ብሎ የሚወጣና ቤተሰቡን ወሳኙን ትዕይንት የሚያስመልጥ ሰው ነው። «ሰሚ» ማለት ደግሞ ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ካዞረው ሰው በላይ ታሪኩን የምትረዳ የቤተሰብ አባል ስትሆን፣ ጉባኤው ከተመልካች ጋር እኩል፣ በአንዳንድ ጉዳዮችም የበለጠ ድምፅ ሰጥቷታል።

አንቀጽ 3። «እኔ እንኳ አላየውም፤ ልጆቹ ሲከፍቱት አልፎ አልፎ ነው» ብሎ ንግግሩን የሚጀምር ማንኛውም ሰው ድራማውን ከክፍል 1 ጀምሮ ሳያቋርጥ እንደተከታተለ ይገመታል። ይህ የሕግ ግምት፣ ማለትም ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ እውነት የሚያዝ ነገር፣ ሊፈርስ የሚችለው ግለሰቡ የአክተሩን እናት ስም ተጠይቆ ከልቡ ሲሳሳት ብቻ ነው፤ አውቆ መሳሳት ግን ጥፋቱን ያከብዳል። ለድንጋጌው መነሻ የሆነው የ2008 ዓ.ም. ሁኔታ ነው። በዚያ ዓመት ቃና ቴሌቪዥን የውጭ አገር፣ በተለይም የቱርክ፣ ተከታታይ ድራማዎችን ወደ አማርኛ መልሶ ማቅረብ ሲጀምር የአገር ውስጥ የጥበብ ባለሙያዎች ሥራ ያሳጣናል፣ ባህልም ይበርዛል ሲሉ በይፋ ተቃወሙ። አልቆ የተሸጠን ድራማ ገዝቶ ድምፅ መቀየር አዲስ ድራማ ከመሥራት እጅግ የሚረክስ ስለሆነ የመጀመሪያው ስጋት የእንጀራ ጉዳይ ነበርና ከተሰጠው በላይ ጆሮ ሊሰጠው ይገባ ነበር። ሁለተኛውን ተቀብለው በየሳሎኑ ያስተጋቡት ሰዎች ግን የቃናው «ጥቁር ፍቅር» ሊጀምር ሲል ራት የሚያስቀድሙ፣ በ«ኩዚ ጉኒ» ወንድማማቾች ጠብ ወገን ለይተው ከገዛ ወንድማቸው የሚኳረፉ ሆነው ተገኝተዋል። ስለሆነም የባህል መበረዝን የሚመለከት ማንኛውም አቤቱታ የሚሰማው አቤት ባዩ መበረዙን ያየበትን ክፍል ቁጥር፣ በድጋሚ ሥርጭት ያየው ከሆነም ይህንኑ ጨምሮ፣ በጎረቤት ፊት ካስመዘገበ በኋላ ነው።

አንቀጽ 4። የአገር ውስጥ ድራማን ሳያዩ ማመስገን፣ ዓላማው ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ከላይ ከተጠቀሰው ጥፋት ጋር እኩል ይታያል። «የእኛው ነው» የሚለው ቃል ዝምድናን የሚገልጽ እንጂ አስተያየት አይደለም፤ ስለ «እረኛዬ» ተጠይቆ የገጠሩን መልክዓ ምድር ብቻ የሚያደንቅ ሰውም ስለ አገሩ እንጂ ስለ ድራማው እንደተናገረ አይቆጠርም። በሌላ በኩል አበበ ባልቻ በ«ሰው ለሰው» ድራማ አስናቀን ሆኖ ሲጫወት ተመልካቹን ያንጨረጨረው ንዴት እንደ ሙሉና የተሟላ የሥነ ጥበብ ሒስ ተቀባይነት አለው፤ ምክንያቱም ክፉ ገጸ ባሕርይ የሚመዘነው ሳሎኑን ምን ያህል እንዳስቆጣ ነው፣ በዚህ መስፈርት ደግሞ ብዙ የተመሰገኑ መልካም ገጸ ባሕርያት ፈተናውን አያልፉም። ይሁን እንጂ ንዴቱን ከሳሎን አውጥቶ መንገድ ላይ በተገኘ ተዋናይ ላይ ማሳረፍ ክልክል ነው።

አንቀጽ 5። መብራት ሲጠፋ ያመለጠውን ክፍል ጄኔሬተር ያለው ጎረቤት ሊተርክ ይችላል። ተራኪው ከራሱ ጨምሮ ከተገኘና የጨመረው ከድራማው የተሻለ ከሆነ በነፃ ይሰናበታል።

አንቀጽ 6፣ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ። ስፖንሰር፣ ማለትም በማስታወቂያ መልክ ወጪውን የሚሸፍን ድርጅት፣ በማጣት ወይም ባልተነገረ ምክንያት ሳይቋጩ የቀሩ ድራማዎችን በተመለከተ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ፍቅረኞቹን የመዳር፣ የጠፋውን ልጅ ከአባቱ የማገናኘትና በደለኛውን ቃሊቲ እስር ቤት የማስገባት ጊዜያዊ ሥልጣን ተሰጥቶታል። የአንዱ ቤት ውሳኔ ከኮሪደር በር ወዲያ አይጸናም። ባልና ሚስት በተለያየ ፍጻሜ የጸኑ እንደሆነ የሰሚዋ ፍጻሜ የበላይነት ይኖረዋል፤ ድራማው አንድ ቀን ተመልሶ ከዚህ የተለየ ፍጻሜ ቢያሳይም ውሳኔው ይግባኝ አይባልበትም።