ነጠላው ይነሳ!

አያቶቻችን ኋላ ቀር ነበሩ። አራስ ጥየቃ የመጣን ሰው ገንፎ ያበሉታል እንጂ ሕፃኑን አያሳዩትም፤ ፊቱ በነጠላ ተሸፍኗል፣ «ዓይን እንዳይበላው»። የክርስትና ስሙንማ፣ መተተኛ እጅ እንዳይገባ፣ ጎረቤትም አይሰማው። ይህ ሁሉ ድካም ለአንዲት ዓይነ ክፉ የሰፈር ሴት ብለው ነው። ምስኪኖች!

እኛ ሠልጥነናል። ልጃችን እትብቱ ሳይደርቅ ፌስቡክ ላይ ነው፤ ስም ከነአያት፣ የተወለደበት ቀንና ሰዓት፣ ኪሎው ሳይቀር። በ40 ቀኑ ደግሞ የክርስትና ካርዱ በጥራት ተነሥቶ ይለጠፋል። ከሥሩ «ከክፉ ዓይን ይጠብቅልን» እንላለን፤ ዓይኑን ሁሉ ጠርተን ከሰበሰብን በኋላ። የይለፍ ቃላችንም ቢሆን ሩቅ አይደለም፦ የልጁ ስምና የተወለደበት ዓመት።

መስከረም ሲጠባ ልጁን ትምህርት ቤቱ በር ላይ እናቆመዋለን። የትምህርት ቤቱ ስም ደረቱ ላይ ይነበባል፣ የቤት ስሙን እኛ እንጽፋለን። ያለዚያ የማናውቀው ሰው በሩ ላይ ቆሞ «ቡቡዬ፣ ማሚ ልካኝ ነው» ለማለት ስንት ይቸገር ነበር?

ለሌባም አዝነናል። ድሮ ቤቱ ሰው ይኑረው አይኑረው ለማወቅ ሳምንት ሙሉ ያደባ ነበር። ዛሬ ቦሌ ኤርፖርት ሆነን «ቻው አዲስ፣ 15 ቀን ዱባይ ነን!» እንለዋለን። ላይክ አድርጎ ይገባል።

ለጋስነታችን በስልክም ይቀጥላል። አንዲት እናት «እማማ፣ 50 ሺህ ብር ደርሶዎታል፤ አሁን የገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ተባሉ። መነጽራቸውን ፈልገው፣ «ይህን ኮድ ለማንም አይስጡ» ከሚለው ጀምረው፣ ቃል ሳይዘሉ አነበቡለት። ማታውን አሜሪካ ያለችው እህታቸው «ሆስፒታል ነኝ፣ ቶሎ ብር ላኪ» የሚል መልእክት ከእሳቸው ደረሳት። እሳቸው በዚያን ሰዓት ቡና እያፈሉ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል አሉ። ድርጅት መረጃችንን እንዳሻው እንዳይበትን ነው አሉ። ደግ ነው፤ ግን ዘገየ። እኛ በገዛ ፈቃዳችን በትነን ጨርሰናል፤ ትናንትና አንዱ የፋይዳ ካርዱን፣ 12ቱንም አሃዝ፣ «በመጨረሻ ደረሰኝ!» ብሎ ለጥፎ 300 ሰው እንኳን ደስ አለህ ብሎታል።

አያቴ ስልክ ሳይዙ አለፉ። መንገድ ላይ የማያውቁት ሰው እኔን አይቶ «የማን ልጅ ነው?» ሲላቸው፣ ነጠላቸውን ወደ ፊቴ ሳብ አድርገው «የእግዜር» ይሉ ነበር።

ኋላ ቀር ናቸው ብያለሁ። ያንን የይለፍ ቃል ግን እስከ ዛሬ የሰበረው የለም።