ዝምታ ወርቅ ነው፤ ሒሳቡም በዩሮ ነው

በአገራችን አልቃሽ የተከበረች ባለሙያ ነበረች። ሟቹን ታውቀው አታውቀው የሚጠይቃት የለም። ተጠርታ ትመጣለች፣ የአባቱን ስምና የሠራውን ጀብዱ በጆሮዋ ሹክ ይሏታል፣ ሙሾ ታወርዳለች፣ ለቀስተኛውን ታንሰቀስቃለች፣ የድካሟን ተቀብላ ትሄዳለች። «ባለፈው ሳምንት ለላይ ሰፈሩ ሟች ለምን አላለቀስሽም?» ብሎ የሚሞግታት አልነበረም። አልተጠራችማ! ታዲያ የዓለማችን ዝነኞች ይህንኑ ጥንታዊ ሙያ አሻሽለው ሲሠሩበት «ወጥ አቋም የላችሁም» እየተባሉ መብጠልጠላቸው ያሳዝነኛል። ጠበቃ ያጡ ስለመሰለኝ ዛሬ እኔ ልቁምላቸው።

ሊዮኔል ሜሲን እንውሰድ። ከ2010 ጀምሮ (ዘመኑ በፈረንጅ ነው) የዩኒሴፍ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ነው፤ ለሕፃናት መብት ይቆማል። በሜይ 2022 ደግሞ የሳውዲ ዓረቢያ የቱሪዝም አምባሳደር ሆነና ቀይ ባሕር ላይ በጀልባ ሆኖ የተነሣውን ፎቶ ለተከታዮቹ ለቀቀ። ክፉ ሰው ይህንን ሁለት ምላስ ይለዋል። ሁለት ሥራ ነው። ኑሮ እንዲህ በተወደደበት ዘመን አንድ ሥራ ብቻ ይዞ የሚያድር ማን አለ?

የሥራዎቹ አከፋፈል ግን ይለያያል። የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ደመወዝ የለውም። የቱሪዝሙን በተመለከተ ኒውዮርክ ታይምስ በ2023 ውሉን አይቼዋለሁ ብሎ እንደዘገበው፣ በሦስት ዓመት እስከ 22.5 ሚሊዮን ዩሮ ሊያስገኝ ይችላል። የሚጠበቅበትም ከባድ አይደለም፦ ወጪው ተችሎለት ከነቤተሰቡ መዝናናት፣ በማኅበራዊ ገጾቹ በዓመት ጥቂት ጊዜ መለጠፍ፣ አንዳንድ ዝግጅት ላይ ብቅ ማለት። እና የመንግሥቱን ስም የሚያጎድፍ ነገር አለመናገር። እንግዲህ መናገሩ በነጻ፣ ዝም ማለቱ በሚሊዮን ነው ማለት ነው። አባቶቻችን ዝምታ ወርቅ ነው ብለው ሲያበቁ የወቄቱን ዋጋ ሳይነግሩን አለፉ። እኛ በየቀበሌው ስብሰባ ስንት ዓመት ዝም ብለን ተቀምጠናል፤ ሳንቲም የወረወረልን አልተገኘም። የአገራችን አልቃሽም ብትሆን የተከፈላት ለማልቀስ ነው እንጂ ላለማልቀስ ሊከፈል እንደሚችል በሕልሟም አላየችም። ሙያው አድጓል የምለው ለዚህ ነው።

በእነዚያው ወራት ወደ ሳውዲ ዓረቢያ የሚያቀኑ ሌሎች መንገደኞችም ነበሩ። ደላላ እየመራቸው ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሐረርጌ ተነሥተው፣ በጅቡቲ ወይም በሶማሊያ በኩል ባሕሩን ተሻግረው፣ የየመንን በረሃ አቋርጠው ከሳውዲ ጋር በሚዋሰኑት የሰዓዳ ተራሮች ላይ ደርሰዋል። ጀልባ ላይ ፎቶ አልተነሡም። የሰብአዊ መብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዎች በኦገስት 2023 ባወጣው ሪፖርት 42 ሰዎችን አነጋግሯል፤ ከነዚህ 38ቱ ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 ድንበሩን ለማለፍ የሞከሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። የሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች ሴቶችና ሕፃናት በሚገኙበት ሕዝብ ላይ በከባድ መሣሪያና ከቅርብ ርቀት በጥይት ተኩሰው በመቶዎች የሚቆጠሩትን ገድለዋል ይላል። ከተረፉት የተናገሩ እንዳሉት፣ ጠባቂዎቹ ከመተኮሳቸው በፊት ከእጅና ከእግራቸው የትኛው ቢመታ እንደሚመርጡ የጠየቋቸውም ነበሩ። የእንግዳን ፍላጎት መጠየቅ የመስተንግዶ ሙያ መጀመሪያ ነው፤ የቱሪዝም ማስታወቂያው ላይ እንዴት ሳይካተት እንደቀረ አልገባኝም። የሳውዲ መንግሥት በበኩሉ ክሱ መሠረተ ቢስ ነው ብሏል።

የሕፃናቱ አምባሳደር ስለዚህ ምን እንዲል ትፈልጋላችሁ? ተራራው ላይ የነበሩት ሕፃናት አልጠሩት፤ የጠሩት ደግሞ ውል አላቸው። ሕሊናው አልደነዘዘም፤ ማስረጃም አለኝ። በሜይ 2023 ለዚሁ የቱሪዝም ሥራ ሪያድ ሄዶ ከፓሪስ ሴንት ዠርሜን ልምምድ ቀረና ክለቡ አገደው። ወዲያው በቪዲዮ ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ፤ የቡድን ጓደኞቹን።

ዝምታ ብቻ ሳይሆን አለማወቅም ራሱን የቻለ ጸጋ ነው። ጄኒፈር ሎፔዝ በ2013 ቱርክሜኒስታን ውስጥ ለፕሬዚዳንቱ የልደት መዝሙር ስትዘምር፣ በአገሩ የሰብአዊ መብት ችግር መኖሩ ቢታወቅ ኖሮ እንደማትሄድ ቃል አቀባይዋ ኋላ ተናግረዋል። የበረራውን ሰዓት፣ የመድረኩን መብራት፣ የክፍያውን ቀን አጥርቶ የሚያውቅ ሠራዊት ያላት ሴት ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ሳታውቅ መቅረቷ ቀላል ችሎታ አይደለም። በአንጻሩ ተዋናይቷ ሂላሪ ስዋንክ በ2011 የቼችኒያው መሪ ራምዛን ካዲሮቭ ልደት ላይ ከተገኘች በኋላ ይቅርታ ጠይቃ ክፍያውን ለበጎ አድራጎት ሰጠች። እንዲህ ያለው ልፍስፍስነት ሙያውን ያዋርዳል።

ከሁሉ የረቀቁት ግን ኮሜዲያኖቹ ናቸው። በ2025 መገባደጃ የሪያድ ኮሜዲ ፌስቲቫል ላይ የአሜሪካ ቁንጮ ቀልደኞች ተሰለፉ። ግብዣውን ያልተቀበለችው አትሱኮ ኦካትሱካ ለሕዝብ ባሳየችው የውል ሐሳብ፣ በመንግሥቱ፣ በንጉሣውያኑ ቤተሰብና በሃይማኖት ላይ መቀለድ ክልክል ነበር። ዴቭ ቻፔል በዚያው መድረክ ላይ ቆሞ ከአሜሪካ ይልቅ እዚህ መናገር ይቀላል አለ። እውነቱን ነው። ምን ማለት እንደሌለበት አስቀድሞ በወረቀት የተሰጠው ሰው በምን ይቸገራል?

አዚዝ አንሳሪ ደግሞ ከክፍያው ከፊሉን ለነጻ ፕሬስና ለሰብአዊ መብት ድርጅቶች እለግሳለሁ አለ፤ ከነዚህም አንዱ ሂዩማን ራይትስ ዎች፣ ያው የሰዓዳን ሬሳ የቆጠረው ድርጅት ነበር። ድርጅቱ አልቀበልም አለ። ምን ዓይነት ግትርነት ነው? ገንዘቡ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ለሟቾቹ ሪፖርት ወረቀት ቢገዛ ምን ነበረበት? ክበቡ ሙሉ ይሆን ነበር፤ ገዳይም፣ ቀልደኛም፣ መዝጋቢም ከአንድ ካዝና ይበሉ ነበር።

ያም ሆነ ይህ ሥራ ፈላጊዎች ተስፋ አትቁረጡ። ፊፋ በዲሴምበር 2024 የ2034ን የዓለም ዋንጫ ለሳውዲ ዓረቢያ ሰጥቷል፤ ተወዳዳሪ ሌላ አገር አልነበረም። ለዝግጅቱ ብዙ ፊት ያስፈልጋል። ለአንድ በጎ ዓላማ አልቅሶ የሚያውቅ፣ ቁመናው ያማረ፣ ተከታይ ያለው ሰው ከአሁኑ ይመዝገብ። የሰዓዳን ተራራ በካርታ ላይ የሚያውቅ ግን ባይደክም ይሻላል።