«አይዞህ» ማለት ክልክል ነው

ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የመኪና ኢንሹራንስ የስልክ ማዕከል የካሳ ጥያቄ መርማሪ (አጀስተር) ሆነህ ከተቀጠርክ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ። ቀጥሎ፣ እናትህ ስለ ሰው አያያዝ ያስተማረችህን ሁሉ ጠቅልለህ መሳቢያ ውስጥ ቆልፍበት።

ከ«አይዞህ» ጀምር። ደዋዩ መኪናው ተጨፍልቃበት 395 አውራ ጎዳና ዳር ቆሞ ይንቀጠቀጣል። አንጀትህ አይችልምና፣ በእንግሊዝኛም ቢሆን፣ «አይዞህ፣ ይስተካከላል» ማለት ያምርሃል። ዋጠው! ስልኩ ይቀረጻል፤ ነገ ደግሞ ሰውዬው «ከፍለን እናስተካክላለን ብሎኛል» ብሎ ይመጣል። የተጎዳ ሰው መኖር አለመኖሩን ጠይቅ፣ የፖሊሲ ቁጥሩን ተቀበል፣ ዝም በል።

«ይቅርታ» ግን ከሁሉም የባሰች ናት። በቨርጂኒያ ሕግ (ሜሪላንድም ያው ነው) ለግጭቱ 1 ከመቶ እንኳ አስተዋጽኦ ያደረገ ሰው ከሌላኛው ሹፌር ኢንሹራንስ ሰባራ ሳንቲም አያገኝም። ቴክሳስ ቢሆን፣ ጥፋቱ ከግማሽ እስካልበለጠ ድረስ፣ ድርሻው ተቀንሶ ይከፈለው ነበር። ምን ይደረግ፣ የኛ ሰው ተሰብስቦ የሰፈረው የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያና የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እንግዲህ ይህ ወገንህ መብራት ላይ በቆመበት ከኋላ ይገጩታል። አንገቱን ይዞ ይወርድና የገጨውን ሰውዬ «ይቅርታ፣ አንተስ ተረፍክ ወይ?» ይለዋል። ቃሉን ስትቀበል «ከዚያስ ምን አልከው?» ማለትህ አይቀርም። «አይ አም ሶሪ አልኩት» ይልሃል፣ ኮራ ብሎ፤ አስተዳደጉን ሊያሳይህ ነው። ቅጹ ላይ «በጨዋነት» የሚል ሣጥን የለም፤ እኔ ፈልጌ አጥቻለሁ። ስለዚህ ያለውን እንዳለ ትጽፋለህ፤ ያቺን ቃል የወዲያኛው ወገን እንደ እምነት ቃል ይዟት ሊቀርብ ይችላል።

በጥቅምትና በኅዳር፣ አጋዘኖች ለድሪያ በሚሯሯጡበት ወራት፣ ሥራ ይበዛል። አጋዘን የገጨ «ኮምፕሪሄንሲቭ» በሚባለው ሽፋን ይስተናገዳል። ለአጋዘኗ አዝኖ መሪ የጠመዘዘና ዛፍ የገጨ ግን «ኮሊዥን» በሚባለው የግጭት ሽፋን ነው፤ ዲዳክተብሉም (ከራሱ ኪስ የሚያወጣው ድርሻ) ብዙ ጊዜ ከበድ ይላል። ይህን ለአዛኙ ሹፌር ለስለስ ባለ ድምፅ አስረዳው።

ዋናዎቹ ፈተናዎች እናቶቻችን ናቸው። ስምህን አሳጥረህ «ሳም» ብትልም፣ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ያውቁሃል። «ልጄ፣ የኛ ልጅ ነህ እንዴ?» አንዲት እናት የ2006 ኮሮላቸው ጥገና ከዋጋዋ እንደሚበልጥ፣ የሚከፈላቸውም የአሮጌ መኪና የገበያ ዋጋ ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና መረቁኝ። «ክፉ አይንካህ፣ እንጀራህ ይባረክ፣ ውለድ ክበድ...» ስክሪኔ ላይ ሰዓቱ ቀልቷል፤ ምርቃት መሃል ስልክ የሚዘጋ ጀግና ግን ገና አልተወለደም። አሜን፣ አሜን እያልኩ ቆየሁ።

በማግስቱ ጥሪ እያዳመጠ ነጥብ የሚሰጠን አለቃ አስጠራኝ። አማርኛውን ባይሰማም አሜኗን ለይቷታል፤ ፊቱ ላይ ሥጋት ይነበባል።

«ለመሆኑ» አለኝ፣ «ሴትዮዋ ምን ምን ብትጠይቅህ ነው 11 ጊዜ አሜን ያልካት?»