ሳቅ በኪሎ

አስቂኝ መጽሐፍ አንብቦ መሳቅ የሰነፍ አንባቢ ሥራ ነው። ከት ብሎ ስቆ፣ ዓይኑን ጠርጎ፣ መጽሐፉን ለጓደኛው አውሶ የሚተኛ ሰው ለሥነ ጽሑፍ ምን ጠቀመ? ትጉሁ አንባቢ እንዲህ አይደለም። እሱ እየሳቀ እንኳ በልቡ መዝገብ ይይዛል። ይህኛው ደራሲ ያንን በስንት ነጥብ እንደሚበልጠው፣ የትኛው ቀልድ ከማን እንደተቀዳ፣ የማንን የጫማ ጠፍር ለመፍታት ማን እንደማይበቃ ሳይወስን ቀጣዩን ገጽ አይገልጥም። የዚህ ሙያ ሊቃውንት ደግሞ በአስቂኝ ፋንታሲና በአስቂኝ የሳይንስ ልቦለድ አንባቢዎች ዘንድ በብዛት ይገኛሉ። ስለ ሳቅ ይህን ያህል ፊቱን አኮሳትሮ የሚከራከር ሌላ ወገን ማግኘት ይከብዳል።

ዋናው ችሎት የሁለት እንግሊዛውያን ጉዳይ ነው። አንደኛው ዳግላስ አዳምስ ነው። «የጋላክሲ ሊፍት ጠያቂዎች መመሪያ» የተሰኘው ሥራው እ.ኤ.አ. በማርች 1978 በቢቢሲ ሬዲዮ 4 በድራማ መልክ ተጀምሮ በቀጣዩ ዓመት መጽሐፍ ሆነ። ታሪኩ ሲከፈት መላዋ ምድር በሕዋ ውስጥ ለሚሠራ ማለፊያ መንገድ ሲባል የልማት ተነሺ ትሆናለች፤ ካሳም ሆነ ምትክ ቦታ የለም። ሁለተኛው ቴሪ ፕራቼት ነው። እሱ በ1983 «የአስማት ቀለም» ብሎ በጀመረው የዲስክወርልድ ተከታታይ ልቦለድ ውስጥ ዓለም ጠፍጣፋ ናት፤ አራት ዝሆኖች ተሸክመዋታል፣ ዝሆኖቹን ደግሞ በሕዋ ውስጥ የምትዋኝ ግዙፍ ኤሊ ተሸክማለች። አዳምስ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰው ነበር። ፕራቼት ቀን ቀን የአገሪቱን የኤሌክትሪክ ኃይል በሚያመነጨው መሥሪያ ቤት፣ ያውም በኑክሌር ጣቢያዎቹ በኩል፣ የፕሬስ ሠራተኛ ነበር፤ ልቦለዱን የሚጽፈው ማታ ነው።

ታዲያ መንኮራኩርንና ኤሊን ምን አገናኛቸው? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ለሙያው አልተፈጠረም።

ክርክሩ ሲጀመር ሁለቱ ወገኖች እንደ ጊዮርጊስና ቡና ደጋፊዎች ቦታቸውን ይይዛሉ። «አዳምስ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚጨርሰውን ፕራቼት በአንድ ምዕራፍ አይጨርሰውም» ይላል አንዱ። «ፕራቼት ሰው ይፈጥራል፤ አዳምስ የፈጠረው ቀልድ ብቻ ነው» ይላል ሌላው። ሁለቱም ያሉት እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ሁለቱም እውነት ከሆነ ሁሉም ተጨባብጦ ወደ ቤቱ ሊገባ ነው፤ ቤቱ ከገባ ደግሞ ምናልባት መጽሐፍ ሊያነብ ነው። ይህ እንዳይሆን ከሁለቱ አንዱ መውደቅ አለበት።

መውደቁን በቁጥር ማረጋገጥ ይሻላል። የዲስክወርልድ ልቦለዶች 41 ናቸው። የአዳምስ ሊፍት ጠያቂዎች ግን ደራሲው ራሱ «ትሪሎጂ» እያለ እየቀለደ አምስት ብቻ ደረሱ። ፕራቼት መሥሪያ ቤት እየዋለ በሚጽፍበት ዘመን በየማታው 400 ቃል ይጽፍ ነበር። አንድ ማታ ልቦለዱ አልቆ 100 ቃል ሲጎድለው አዲስ ወረቀት አስገብቶ የሚቀጥለውን ልቦለድ የመጀመሪያ 100 ቃል መጻፉን ወዳጁ ኒል ጌይማን ተርኳል። አዳምስ በበኩሉ የማስረከቢያ ቀን ሲያልፍበት የሚታወቅ ሰው ነበር። አራተኛው መጽሐፍ በ1984 ሊወጣ ሲል አሳታሚው ሶኒ ሜህታ ለንደን ውስጥ ሆቴል ተከራይቶ፣ አብሮት ገብቶ፣ መጽሐፉ እስኪያልቅ ጠበቀው። ዳኛው ይህን ሲሰማ ካልኩሌተሩን ያወጣል። የፕራቼት ወገን ትጋትን በመጽሐፍ ብዛት ያባዛል፤ የአዳምስ ወገን ሳቅን ለገጽ ብዛት ያካፍላል። ሁለቱም ስሌቶች ትክክል ናቸው፣ ሁለቱም ያሸንፋሉ። (ቁመት ይቆጠር ከተባለ አዳምስ 1.96 ሜትር ነበር፤ ይህን እስካሁን በማስረጃነት ያቀረበ አለመኖሩ ያስቆጫል።)

በዚህ መሐል አንድ የዋህ አዲስ አንባቢ ብቅ ይላል። «ፕራቼትን ማንበብ ፈልጌ ነበር፤ ከየት ልጀምር?» ይላል። ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምር የሚለው ሰው እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው መጽሐፍ ገና ያልበሰለ ነው ተብሎ ተበይኖበታል። አንዱ ከ«ሞርት» ጀምር ይለዋል፤ ሌላው ከከተማው ዘበኞች፣ ሦስተኛው ከጠንቋዮቹ። አራተኛው 41 መጻሕፍት በቀስት የተያያዙበት፣ የባቡር መስመር የሚመስል ሠንጠረዥ ይዘረጋለታል። ልጁ አንድ ምሽት የሚያስቀው ነገር ነበር የጠየቀው። አሁን ግን ጠንቋዮቹ ከዘበኞቹ ለምን እንደሚያንሱ፣ አዳምስን ያላነበበ ሰው ፕራቼትን ሊረዳ ይችል እንደሆነና እንዳልሆነ አውቋል፤ አንድም ገጽ ሳይገልጥ ወገን ይዟል። ትምህርቱ የተሟላ ነው።

ከሁለቱ ውጪ ያሉ ደራሲዎችም አልተረሱም፤ ለእነሱም የምስክርነት ወንበር ተዘጋጅቷል። አሜሪካዊው ሮበርት ሼክሊ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ምፀተኛ የሳይንስ አጭር ልቦለዶችን ሲጽፍ የኖረ፣ በሶቪየት ኅብረት ሳይቀር በትርጉም ብዙ አንባቢ ያገኘ ሰው ነው። በ1968 ያሳተመው «የተአምራት ዳይሜንሽን» ምድራዊውን ሰው በሎተሪ ዕጣ ወደ ጋላክሲው ማዕከል አውጥቶ መመለሻውን ያጠፋበታል። ዛሬ ይህ መጽሐፍ የሚነሳበት ዋናው ምክንያት ከአዳምስ አሥር ዓመት መቅደሙ ነው። ሼክሊ ስለራሱ የሚባልለት ነገር ጥቂት ነው፤ ወይ አዳምስ ከሱ ወሰደ ይባላል፣ ወይ አልወሰደም ይባላል። የአንድን ደራሲ የዕድሜ ልክ ሥራ ለሌላ ሰው ክስ መዝገብ አባሪ ማድረግ ትልቅ ችሎታ ይጠይቃል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው «መልካም ምልኪ» ነው። ይህን ልቦለድ ፕራቼትና ጌይማን በ1990 በጋራ አሳተሙት፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው እየሰረዘና እየጨመረ እንደሠሩት ሁለቱም ተናግረዋል። ተራ አንባቢ በዚህ ይረካል። ዳኛው ግን ቢላውን ስሎ ይቀርባል፤ ይህ ዓረፍተ ነገር የእሱ፣ ያ የግርጌ ማስታወሻ የሌላው፣ ይህች ሳቅ እኩል ለእኩል። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው በጋራ ያዋሀዱትን እሱ በርቀት ይለየዋል።

በ2003 ቢቢሲ የብሪታንያን ሕዝብ የሚወደውን ልቦለድ በድምፅ ሲያስመርጥ ነገሩ የሚቋጭ መስሎ ነበር። የአዳምስ መጽሐፍ አራተኛ ወጣ። ከፕራቼት መጻሕፍት አንዱም ከአሥሩ አልገባም፤ ከመቶዎቹ ውስጥ ግን ከጌይማን ጋር የጻፈውን ጨምሮ አምስት አስገብቶ ከቻርልስ ዲከንስ ጋር እኩል ቆመ። አንደኛው ወገን «አራተኛ!» ብሎ ጨፈረ፤ ሁለተኛው «አምስት!» ብሎ ጨፈረ። ዲከንስ በዚህ ክርክር ውስጥ ምን እንደሚሠራ የጠየቀ አልነበረም።

የሙያው ቁንጮ ግን የተገኘው ከአንባቢዎች ሳይሆን ከሐያስያን ነው። ፕራቼት በማርች 2015 ሞተ፤ የመጨረሻው የዲስክወርልድ ልቦለድ በዚያው ዓመት ኦገስት መጨረሻ ላይ ወጣ። በቀናት ውስጥ የዘ ጋርዲያን አንድ የጥበብ ሐያሲ ብዕሩን አነሳ። ፕራቼት ታላቅ ደራሲ አይደለም አለ፤ ከጄን ኦስተን ጋር አነጻጽሮም አሳነሰው። ከዚያ አንድም የፕራቼት መጽሐፍ እንዳላነበበ፣ መጻሕፍት መደብር ውስጥ ገልጦ ብቻ እንዳየ፣ ዕድሜ አጭር ስለሆነ የማንበብ ሐሳብም እንደሌለው በግልጽ ጻፈ። ብዙ አንባቢ ተቆጣ። ቁጣው ግፍ ነበር። ሌሎቹ ዳኞች ሲለማመዱት የኖሩትን ጥበብ ይህ ሰው ጥግ ድረስ አደረሰው እንጂ ምን አጠፋ? ንባብ ሚዛንን ያዛባል፤ ያነበበ ሰው በሆነ ገጽ ላይ ሊስቅ ይችላል፣ ሳቅ ደግሞ ብይንን ያለዝባል። የሐያሲው ጥፋት በኋላ የመጣው ነው። ጫናው ሲበዛበት «ትናንሽ አማልክት» የተባለውን ልቦለድ አንብቦ ሁለተኛ ጽሑፍ ጻፈ፤ አዝናኝነቱን አመነ፣ ታላቅ ጥበብ ነው ግን አላለም። ማንበቡ ምንም ያህል ርቀት አልወሰደውም፤ የመጀመሪያውን ብይን ንጽሕና ግን አበላሸበት።

ደራሲዎቹም ቢሆኑ ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሌም «ሳይቤሪያድ»ን የጻፈ፣ በአንዲት ፊደል የሚጀምር ነገር ሁሉ የሚሠራ ማሽን ፈልስፎ ማሽኑ ዓለምን ሊያጠፋ ሲቃረብ የሚያስቅ ሰው ነበር። የአሜሪካን የሳይንስ ልቦለድ በጅምላ ሲያጣጥል ፊሊፕ ኬ. ዲክን ብቻ ለይቶ አከበረው። ዲክ ታዲያ በ1974 ለኤፍ.ቢ.አይ. በጻፈው ደብዳቤ ሌም የሚባል ሰው ሳይሆን ኮሚቴ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ከሰሰው። ማስረጃው? በተለያየ ስልት ይጽፋል፤ አንዳንዴ የውጭ ቋንቋ የሚያነብ፣ አንዳንዴ የማያነብ ይመስላል። የዘመኑ ዳኞች ይህን ዘዴ አለመጠቀማቸው ያሳዝናል። ተቀናቃኙን ደራሲ መብለጥ ካቃተ እንደሌለ ማረጋገጥ ይቻላል።

ፕራቼት ራሱ ለጨዋታው የሚመች ሰው አልነበረም። በ2005 «ጎይንግ ፖስታል» የተሰኘው ልቦለዱ ሁጎ ለተባለው የሳይንስ ልቦለድና የፋንታሲ ሽልማት ሲታጭ ስሙን ከዕጩዎች አስወጣ። ሽልማቱ በሚሰጥበት የግላስጎው ጉባኤ ላይ አሸንፍ ይሆን እያለ ሲጨነቅ ከሚውል፣ ከሰው ጋር መጫወት እንደሚመርጥ አስታወቀ። ለዳኞቹ ይህ ከባድ ድፍረት ነበር፤ በሬው ራሱ ሚዛኑ ላይ አልወጣም አለ።

አሁን የቀረው ንጽጽር የሃርድ ዲስክ ነው። አዳምስ በ2001 በ49 ዓመቱ በልብ ሕመም በድንገት ሲሞት ከኮምፒውተሮቹ የተገኙ ጽሑፎችና ያላለቀ ልቦለድ ተሰብስበው በ2002 «የጥርጣሬ ሳልሞን» ተብለው ታተሙ። ፕራቼት ያላለቁ ሥራዎቹ ይህ ዕጣ እንዳይደርሳቸው አስቀድሞ ተናዞ ነበር። ኦገስት 25 ቀን 2017 ሃርድ ዲስኩ በዶርሴት የእንፋሎት ማሽኖች ትርኢት ላይ መሬት ተቀመጠና «ሎርድ ጄሪኮ» የሚባል ጥንታዊ የእንፋሎት ሮለር ተነዳበት። ሮለሩ ደጋግሞ ቢያልፍበትም አልደቅ ስላለ የድንጋይ መፍጫ ውስጥ ገባ፤ ስብርባሪው ሳልዝበሪ ሙዚየም ለዕይታ ቀረበ።

ለፕራቼት ወገን ይህ ኪሳራ ሊመስል ይችላል። አይደለም። የአዳምስ ረቂቅ ስለተነበበ ጉድለቱ ታውቋል፤ የፕራቼትን ማንም ስላላየው ከየትኛውም መጽሐፍ ጋር ቢወዳደር አይሸነፍም። የአዳምስ ወገንም መልስ አያጣም፤ የሚጽፈው በሮለር የሚዳጥ ከሆነ በየማታው 400 ቃል ምን ያስቸኩል ነበር ይላል።