ሱሰኛው እንዳይደፋፈር

በአሜሪካ ግዛቶች ለሥልጣን የሚወዳደር ሰው ስለ መንገድ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ግብር ሲጠየቅ ጥቂትም ቢሆን አንብቦ መምጣት አለበት። ስለ አደንዛዥ ዕፅ ሲጠየቅ ግን አንዲት ዐረፍተ ነገር ትበቃዋለች፦ «ይህ ነገር ሱሰኛውን ያደፋፍረዋል።» ንጹሕ መርፌ ይሰጠው? ያደፋፍረዋል። ነፍሱ ልትወጣ ስትል የሚመልሳት መድኃኒት በየፋርማሲው ይኑር? ያደፋፍረዋል። የገዛው ዱቄት ፈንታኒል የሚባለው ገዳይ ዕፅ እንዳለበት የሚያይበት የመመርመሪያ ወረቀትስ? እሱማ ጭራሽ! የማያደፋፍር ሆኖ የቀረው ሞት ብቻ ነው። በእርግጥም ሞቶ ወደ ሱሱ የተመለሰ ሰው እስከ ዛሬ አልታየም፤ እንዲህ ዓይነት ፍቱን ሕክምና ያገኙ ሹማምንት ደግሞ ምስጋና እንጂ ነቀፌታ አይገባቸውም። ውለታቸውን እንቁጠር።

በ2010 በመላ አሜሪካ ኦክሲኮዶን የሚባለውን ሱስ አስያዥ የህመም ማስታገሻ በብዛት ከገዙት 100 ሐኪሞች 90ዎቹ ፍሎሪዳ ውስጥ ነበሩ። «የህመም ክሊኒክ» የሚል ታፔላ የሰቀሉ ቤቶች ክኒኑን በጥሬ ገንዘብ ይቸበችባሉ፤ ከኬንታኪና ከዌስት ቨርጂኒያ ሰው በመኪና እየተጫነ ይመጣል። የትኛው ሐኪም ለማን ስንት ክኒን እንዳዘዘ የሚያሳይ መዝገብ እንዲቋቋም በ2009 ሕግ ወጥቶ ነበር። በ2011 ሥልጣን የያዙት አገረ ገዢ ሪክ ስኮት ግን መዝገቡ ይቅር አሉ። ምክንያታቸው የጨዋ ልጅ ምክንያት ነው፦ የሰው ገመና ይነካል።

በዚያው ዓመት በሜይ ወር መጨረሻ ያው ገመና አክባሪ እጅ ሌላ ሕግ ፈረመ። ልጆቿን ለማብላት የመንግሥት ድጎማ የምትጠይቅ እናት አስቀድማ ሽንቷን ታስመርምር፤ የምርመራውንም ሂሳብ ከኪሷ ትክፈል፤ ንጹሕ ሆና ከተገኘች ይመለስላታል። የክኒን ነጋዴው ደብተር ገመና ነው፣ የድኻ ሴት ሽንት ግን የመንግሥት ሰነድ ነው ማለት ነው። 4,086 ሰው ተመረመረ፤ የወደቀው 108 ነው፣ ያውም አብዛኛው በማሪዋና። ለንጹሐኑ የተመለሰው ገንዘብ ከወደቁት ላይ ከተቆጠበው ስለበለጠ ግዛቲቱ ከሰረች። ሕጉን አንዲት የፌዴራል ዳኛ በጥቂት ወራት ውስጥ አገደችው፤ በ2014 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ አጸናላት። በመሐሉ አንድ የቴሌቪዥን ኮሜዲያን ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ተነሥቶ፣ ክቡርነታቸው የግብር ከፋዩን ገንዘብ የሚበሉ ናቸውና እሳቸውም ሽንታቸውን ይስጡን ብሎ ብልቃጥ አቀረበላቸው። ብልቃጡ ባዶውን ተመለሰ። ገመና ነዋ! (መዝገቡን ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ፈቅደውታል። ይህን አለመጻፍ ግፍ ይሆንብናል።)

የኢንዲያናው ግን ከሁሉም ይልቃል። ስኮት ካውንቲ ውስጥ ኦስቲን የምትባል ከተማ አለች፤ የቴክሳሷ አይደለችም፣ ይህችኛዋ 4,000 ሰው ብትይዝ ነው። እዚያ ኦፓና የሚባለውን የህመም ማስታገሻ ክኒን እያሟሙ በመርፌ የሚወስዱ ሰዎች ነበሩ። መርፌ ማደል በግዛቲቱ ሕግ ክልክል ስለሆነ አንዱ መርፌ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ አንዳንድ ቤት ውስጥ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አብረው ይወጉበታል። በአካባቢው ኤችአይቪ ይመረምር የነበረው፣ ፕላንድ ፓረንትሁድ የተባለው የሥነ ተዋልዶ ጤና ድርጅት ክሊኒክ በ2013 ተዘግቷል። በዓመት አምስት ሰው እንኳ በማይያዝበት ካውንቲ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ቫይረሱ እንደ ልቡ ተዛመተ።

የያኔው አገረ ገዢ ማይክ ፔንስ መርፌ ማደልን በመርህ የሚቃወሙ ሰው ነበሩ። የጤና ባለሙያዎች ለመኑ፤ የካውንቲው ሸሪፍም፣ ሰው ማሰር ሥራው የሆነው ሰውዬ፣ ፍቀዱልን አለ። እሳቸውም እንደተዘገበው ልጸልይበት አሉ። ጸሎት አይነቀፍም፤ እኛም አገር ያለ ጸሎት የሚጀመር ነገር የለም። ቫይረስ ግን የባለሥልጣን ሱባኤ እስኪያልቅ ቆሞ አይጠብቅም። ማርች 26 ቀን 2015 ለዚያች ካውንቲ ብቻ የሚያገለግል የ30 ቀን ፈቃድ ሲፈርሙ፣ መያዙ የተረጋገጠው ሰው 79 ደርሶ ነበር። ኋላ ከ200 አለፈ።

ከዚያ በኋላ የወጣው ሕግ ደግሞ የብልኃት ጥግ ነው። አንድ ካውንቲ መርፌ ለማደል የሚፈቀድለት በመርፌ የሚተላለፍ የኤችአይቪ ወይም የጉበት ቫይረስ ወረርሽኝ ገብቶብኛል ብሎ ካወጀ ነበር፤ ለመርፌው መግዣ ግን ከግዛቲቱ ካዝና ሳንቲም አይወጣም ነበር። መጀመሪያ ታመሙ፣ ከዚያ እንዳትታመሙ እንፈቅድላችኋለን፣ ወጪውን ራሳችሁ ቻሉት። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ባወጡት ስሌት እርምጃው ቀደም ብሎ ቢወሰድ ኖሮ አብዛኛው ሰው ባልተያዘ ነበር። እንዲህ ያለ ልምድ ያለው ሰው ደግሞ ተጥሎ አይቀርም፤ በ2020 ኮሮና ሲገባ የዋይት ሐውሱን ግብረ ኃይል እንዲመሩ የተሾሙት እኚሁ ሰው ናቸው።

የመርፌው ፕሮግራም ወረርሽኙን ለማብረድ ረዳ፤ በዚህም ጥፋቱ ተገለጠ። በሽታው ከቀነሰ ፕሮግራሙ ምን ያደርጋል? በ2021 የስኮት ካውንቲ ኮሚሽነሮች ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ እንዲዘጋ ወሰኑ። አንደኛው፣ ለማውቀው ጠጪ ውስኪ አልገዛለትም ብሎ ተከራከረ። ውስኪ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ኤችአይቪ እንደማያሻግር የነገረው አልነበረም ይሆናል።

ወደ ሰሜን ወደ ሜይን እንሻገር። ናሎክሶን እንደ ኦክሲኮዶንና ፈንታኒል ያሉ ኦፒዮይዶችን ከመጠን በላይ ወስዶ (ኦቨርዶዝ) ትንፋሹ የቆመን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ የሚመልስ መድኃኒት ነው። በ2016 የግዛቲቱ ምክር ቤት ፋርማሲዎች ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሰጡት ሕግ አጸደቀ፤ አገረ ገዢው ፖል ለፔጅ አልፈርምም ብለው መለሱት። በደብዳቤያቸው የጻፉት ይህን ነው፦ ናሎክሶን በእውነቱ ሕይወት አያድንም፣ እስከሚቀጥለው ኦቨርዶዝ ድረስ ያራዝማል እንጂ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ኢንሱሊን እስከሚቀጥለው መርፌ ድረስ ያራዝማል። የደም ግፊት ክኒንም እስከ ነገ ጠዋት ነው የሚያገለግለው። «ከሞቱ መሰንበት» የሚሉት ሽማግሌዎቻችን ሜይን ቢወለዱ ኖሮ ምሳሌውን ገልብጠው ይተርቱት ነበር። የሚገርመው ምክር ቤቱ ነው፤ የአገረ ገዢውን ጥበብ አልቀበልም ብሎ በዚያው ወር ሕጉን በድምፅ ብልጫ አጸናው። በሜይን በኦቨርዶዝ የሞተው ሰው በ2015 272፣ በ2016 ደግሞ 376 ነበር።

ለፔጅ ሕክምናን አልጠሉም እንዳይባል፣ ስለ ሕክምናም አቋም ነበራቸው። ለድኻ ሱሰኛ የሕክምና ወጪ ዋናው ከፋይ ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ነው። ምክር ቤቱ ይስፋፋ እያለ አምስት ጊዜ አጸደቀ፤ እሳቸው አምስት ጊዜ ሻሩት። በኖቬምበር 2017 ሕዝቡ ራሱ ወጥቶ በ59 በመቶ ድምፅ ይስፋፋ አለ። እሳቸውም ገንዘቡ በሚገባ ሳይመደብ ከማስፈጽመውስ እስር ቤት ብገባ ይሻለኛል አሉ። አልታሰሩም፤ አልተስፋፋምም። በሜይን ሜዲኬይድ የሰፋው እሳቸው ወርደው በ2019 ጃኔት ሚልስ ሲተኩ ነው።

ይህ ሁሉ የሪፐብሊካኖች ጥፋት ነው የሚል ዴሞክራት አንባቢ ካለ አይቸኩል። የካሊፎርኒያው ጋቪን ኒውሰም በ2018 ለአገረ ገዢነት ሲወዳደሩ፣ ሱሰኞች በባለሙያ ዓይን ሥር የሚወስዱባቸውን ማዕከላት ሐሳብ በደስታ ለማየት ዝግጁ ነኝ ብለው ነበር። በኦገስት 2022 ሕጉ ጠረጴዛቸው ላይ ሲደርስ ያልታሰበ መዘዝ ያመጣል ብለው መለሱት። ኦሪገን ደግሞ በተቃራኒው ገደል ገባች። በ2020 በሕዝብ ድምፅ ጥቂት ዕፅ መያዝ ከወንጀልነት ወጥቶ የ100 ዶላር ቅጣት ሆነ፤ የተቀጣው ሰው ለጤና ምርመራ ስልክ ከደወለ ቅጣቱ ይነሣለታል። የደወለው ጥቂት ነው፤ ለሕክምና የተመደበው ገንዘብ ሕጉ ሥራ ላይ ውሎ ከዓመት በላይ ሲጓተት ቆየ። ሕዝቡ ተማረረ፤ በ2024 የግዛቲቱ ምክር ቤት ዕፅ መያዝን መልሶ ወንጀል አደረገው። እስር ቤቱ መቼም ተሠርቶ ነው የሚጠብቀው፤ ዘግይቶ አያውቅም።

ነገሩ የእውቀት ማነስ አይደለም። ለሱስ ሕክምና የሚሰጡት ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የሞትን አደጋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንሱ ማንም የጤና አማካሪ ይነግራቸዋል። ግን ሱሰኛው ለፖለቲከኛው በሽተኛ አይደለም፤ መቀጣጫ ነው። መቀጣጫ ከዳነ ምኑን መቀጣጫ ሆነ? ድምፅ የሚሰጠው ከዳር ቆሞ የሚያየው ነው፤ እሱ ደግሞ የሚፈልገው ቆፍጣና መሪ ነው።

ከዳር ቆመው ከሚያዩት መካከል እኛም አለንበት። በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ የእኛ ሰው ልጅ በኦቨርዶዝ ሲሞት ለቅሶ ቤት የሚነገረው «በድንገት» ነው፤ ከዚያ በላይ አይጠየቅም፣ ሻይ ይቀርባል። ሹመኛው ያደፋፍራል ብሎ የሚሸሸውን እኛ ሰው ምን ይለናል ብለን እንሸሸዋለን፤ ለሟቹ ልዩነት ያለው አይመስለኝም። ዜግነት ያላችሁ፣ እጩው አዳራሻችሁ መጥቶ በተሰባበረ አማርኛ «ሰላም» ሲላችሁ ከማጨብጨባችሁ በፊት ስለ ናሎክሶን፣ ስለ መርፌ፣ ስለ ሜዲኬይድ አቋሙን ጠይቁት። እስከዚያው ግን የሹመኛ ፊርማ መጠበቅ አያስፈልግም። ከ2023 ጀምሮ አፍንጫ ውስጥ የሚነፋው ናሎክሶን በመላ አሜሪካ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል፤ ሁለት ፍሬ የያዘው ፓኮ ያኔ ለገበያ ሲወጣ 45 ዶላር ገደማ ነበር፣ በብዙ ቦታ የጤና ቢሮዎች በነፃ ይሰጡታል። ኦፒዮይድ ያልወሰደ ሰው ላይ በስሕተት ቢነፋ አይጎዳውም። ወጣት ያለበት ቤት ሁሉ አንድ ይግዛ፤ ሰው ወድቆ ሲገኝ 911 ይደወልና አፍንጫው ውስጥ ይነፋለት።