ሳሎኑ ይከለልልን

የዚህ ቤት ጥያቄ የመዋቅር ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለው አናጺው ነው፤ እኔ ሌላ ነገር አስቤ አይደለም። ቤቱ እንሴኖ ነው ያለው፤ ከቡታጅራ ወደ ቆሼ በሚወስደው መንገድ፣ የማረቆ በርበሬ በጆንያ ሲራገፍ አላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚያስነጥስበት ገበያ አጠገብ። ሁለት ወንድማማቾች ሳሎኑን ለማሳደስ ተስማምተዋል። የተስማሙት ግን ይታደስ፣ ይከለል በሚለው ብቻ ነው፤ የማን ሳሎን ይባል የሚለው ገና በእንጥልጥል ነው።

የጉራጌን ቤት የገባበት ያውቀዋል። ክብ ነው። መሐሉ ላይ አንድ ምሰሶ ይቆማል፤ የጣሪያው እንጨት ከዙሪያው እንደ ጃንጥላ ዘንግ ወደ እሱ ይሰበሰባል። በደጁ ጀፎረ ያልፋል፤ ሣር የለበሰ፣ ሰፊ፣ የሁሉም የሆነ መንገድ፤ መስቀልም አረፋም ለቅሶም የሚያልፍበት። ማንም አጥሩን ወደ ጀፎረ አይገፋም፤ ድሮ ማለቴ ነው።

ምሰሶውን ከዱር መርጠው፣ ጠርበው የሚያቆሙት ግን ባለቤቶቹ አልነበሩም። በስድብ ስም የሚጠሩ፣ መሬት እንዳይዙ የተከለከሉ የእንጨት ጠራቢ ቤተሰቦች ነበሩ። ቤቱን ያቆመ እጅ በቤቱ ውስጥ ወንበር አልነበረውም። አሁን ዘመኑ ተለውጦ ወንበሩ በዝቷል፤ ማን ይቀመጥ ብሎ የሚወስነው ግን ዛሬም ያው የተቀመጠው ሰው ነው።

ይሄኛው ቤት ደግሞ የአያቶች ሥራ ብቻ አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ የነበሩት አባወራ ጎን ለጎን የቆሙ አምስት ጎጆዎችን በአንድ ቆርቆሮ ሥር አገጣጥመው «ከእንግዲህ አንድ ቤት ናችሁ» አሉ። ልጆቹን ጠይቀው ነበር ወይ? እኔ እንጃ። ከሃምሳ በላይ ነፍስ በአንድ ደጃፍ ይገባና ይወጣ ጀመር። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ሁሉም የየአያቱን ልብስ ለብሶ በረንዳው ላይ ይጨፍራል፣ ፎቶ ይነሣል። ሲዘንብ ግን ቤቱ የሚያፈሰው ጎጆዎቹ በተገጣጠሙበት መስመር ነው።

በ2012 አንደኛው ልጅ ድምፁን ሰጥቶ የራሱን በር ከፈተ። በ2014 በምዕራብ በኩል ያሉት ተከተሉት። በነሐሴ 2015 የቀሩት ለሁለት ተካፈሉ፤ አንዱ ወገን «እኛ ደቡቡ ነን» ሲል ሌላው «እኛ መሐሉ ነን» አለ። የምን መሐል እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ መሐል መባል ደስ ይላላ!

ከእነዚሁ መሐለኞች አንዱ ቀደም ብሎ «ለእኔም የራሴ በር ይከፈትልኝ» ብሎ ነበር። ሱቁን ዘግቶ ቤቱ እየዋለ ጠየቀ፤ ነጋዴ ሱቁን ሲዘጋ ነገሩ ምን ያህል እንዳንገበገበው መቼም መርካቶን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። መልሱ «በር አይከፈትም፤ ይልቅ ክላስተር ቡፌ እናሠራላችኋለን» የሚል ሆነ።

ቡፌው በልዩ ትእዛዝ የተሠራ ነው። ማንም እንዳይከፋው ተብሎ መሳቢያው በየክፍሉ ታደለ። ስኒው ወደ ሆሳዕና በሚያየው ክፍል፣ ጀበናው በወልቂጤ በኩል፣ ስኳሩ በወራቤ መስኮት ሥር፣ ማንኪያው ቡታጅራ በኩል። እንግዳ መጥቶ ቡና ይፈላ ሲባል እማማ ስንቅ ቋጥረው ነው የሚነሡት። ማንኪያ እንዲያመጣ የተላከ የልጅ ልጅ የውሎ አበል ይጠይቃል። ስኳሩ ሲደርስ ቡናው ቀዝቅዟል፤ እንግዳውም «ግድ የለም፣ አሠራሩ ዘመናዊ ነው» ብሎ ይሄዳል። ጥቂት ጓዳዎች ደግሞ «ልዩ ጓዳ» ተብለዋል። ልዩነቱ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳዩኝ።

ወደ ሳሎኑ ልመለስ። ታላቅየው «ሳሎኑ ይከለልልን» አለ፤ ታናሽየውም «ይከለል እንጂ!» አለ። በሐሳብ ሲገናኙ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። ከ2011 ወዲህ በዚህ ሳሎን የተሰበረው ብርጭቆ ብቻ አይደለም፤ እዚህ ላይ አልቀልድም፤ ቀባሪው ያውቃል።

አናጺው ከቡታጅራ መጣ። ሜትሩን ከግድግዳ ግድግዳ ዘረጋ፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ፣ ወለሉ ላይ መስመር አሰመረ። መስመሩ ሄዶ ሄዶ ምሰሶው ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ ምሰሶው በማን በኩል ይሁን?» አለ።

«በእኔ፤ አባቴ ነው ያቆመው» አለ ታላቅየው።

«አባቱ አባቴ አይደለም እንዴ?» አለ ታናሽየው። እውነቱን ነው፤ ግን እንደ ክርክር ነው ያቀረበው።

ከላይ ቤት የተላኩ አስታራቂዎች ምሰሶው ለሁለት እንዲሰነጠቅ ሐሳብ አቀረቡ፤ ለእኩልነት ሲባል። አናጺው ሳቁን ዋጠና የመዶሻውን እጀታ አንሥቶ ምሰሶውን አንኳኳው። ባዶ ሣጥን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ተሰማ። መሮውን ትንሽ ሲገፋው እስከ እጀታው ገባ፤ ከቀዳዳው ደቃቅ ዱቄት ፈሰሰ። ምስጥ ነው። ሁለቱም ወንድማማቾች እኩል ተነሡና ምስጡ በየት በኩል እንደገባ እርስ በርስ ተጠቋቆሙ።

«ጥድን ምስጥ አይደፍረውም» አለ አናጺው ዱቄቱን በጣቱ እያሸ። «ይሄ ጥድ አይደለም። ጥድ እንዲመስል ቫርኒሽ የተቀባ ባሕር ዛፍ ነው። አምስቱ ጎጆ ሲገጣጠም ዋናውን ምሰሶ የሆነ ሰው ለውጦታል።»

ዝም ተባለ። ከዚያ ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ተነሣ። እሱ እንደሚለው ለእንግዳ የሚታየው ኮርኒሱና የደጁ መብራት ነው፤ ምሰሶውን በላሚኔት ሸፍኖ፣ ደጁ ላይ ዘንባባ ተክሎ፣ ፎቶ ማንሣት ይበቃል። ተጨበጨበለት። አዲስ ነገር አይደለም፤ ባለፈው እድሳትም የተጨበጨበው ለቫርኒሹ ነበር።

ሰፈሩ የሚያከብራቸው ሐጂ ግን አናጺውን ለብቻው ጠርተው ምሰሶ ቤት ሳይፈርስ ይለወጥ እንደሆነ ጠየቁት። ይለወጣል አላቸው። ጣሪያው ዙሪያውን በባላ ይደገፋል፤ ባላውን በሁለቱም በኩል ያሉት ሰዎች እኩል ይይዛሉ፤ የተበላው ይወጣል፤ የበሰለ ጥድ ይገባል። በዚያ ሰዓት አንዱ ባላውን ከለቀቀ ጣሪያው በማን በኩል ልውደቅ ብሎ አይመርጥም። ሐጂ ይህን ይዘው ለወንድማማቾቹ ነገሯቸው። ሁለቱም በጥሞና አዳመጡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «ከለውጡ በኋላ ምሰሶው በማን ስም ይመዘገባል?»

እስካሁን ባላ የያዘ የለም። የፓርቲሽኑ ቀብድ ግን ተከፍሏል፤ ችፑዱም ደጅ ላይ ተቆልሎ ዝናብ ያነፍረዋል። የክረምቱ ውሃ በመገጣጠሚያው መስመር እንደ ወትሮው ይንጠባጠባል፤ እማማ ከሥሩ ባልዲ እየለዋወጡ ነው። እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ ወልቂጤም ሁኑ ቡታጅራ፣ ምሰሶ መለወጥ የሚችል ባለሙያ የምታውቁ ከሆነ ጠቁሙን። ወንበር የለኝም ብሎ እንዳይቀር ንገሩት፤ መቀመጫ እንሰጠዋለን። ቀለም ቀቢ ግን አትላኩብን፤ እሱስ ሞልቶናል።