ቀኝ ኋላ ዙር የማያውቅ ዘመን

እናንት ጉልበታችሁ ሲታጠፍ የሚንቋቋ፣ ጆሯችሁ የፈለገውን ብቻ የሚሰማ እኩዮቼ ሆይ፣ እስቲ ፍረዱኝ። ዕድሜውን ሙሉ ውጊያ ሲያስተምር የኖረን ሰው፣ የወተት ጥርሱን ገና ነቅሎ ያልጨረሰ የጎረቤት ልጅ መጥቶ “አባባ፣ ቡጢ እንደዚያ አይደለም የሚሰነዘረው፤ ና ቪዲዮ ላሳይህ” ይበለው? ላሳይህ! አንቱታው የት ገባ? የምኖርበት የጋምቤላው ጎግ ሙቀት አቀለጠው እንዳልል፣ ከደጋ የሚመጡት ደግሞ እዚያም ከሞተ ቆየ ይሉኛል።

ጥፋቱ የልጁ አይደለም፣ የዘመኑ ነው። ተሰልፎ የማያውቅ፣ ተቆጥሮ የማያውቅ፣ “ተጠንቀቅ!” ሲሉት እጁን ኪሱ ከትቶ “ለምን?” የሚል ዘመን! እኔ ሃምሳ አለቃ ከሆንኩ ጀምሮ “ለምን” ስባል የሰማሁት ከባለቤቴ ብቻ ነው፤ እሷም ማዕረጓ ስለሚበልጥ ነው።

በንጉሡ ጊዜ ነው የተቀጠርኩት። ያን ጊዜ ለውትድርና ቁመት ይለካል፣ ደረት ይለካል፣ ጥርስ ይታያል። ዕድሜዬ አልደረሰም ነበርና ጥቂት ዓመት ጨምሬ ተናገርኩ፤ ማንም አልጠረጠረኝም። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ዘመን ነበር። ያሰለጠነኝ ሰው ኮርያ የዘመተ፣ የቃኘው ሰው ነው። ቃኘው ማለት በ1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ከአሜሪካ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ጎን ተሰልፎ የተዋጋ፣ አንድም ሰው ሳይማረክበት የተመለሰ ጦር ነው። ይኼንን ለዛሬ ልጆች ስነግራቸው “የትኛው ጌም ላይ ነው?” ይሉኛል።

ያ ሰው ነው ኤም ዋን ያስጨበጠኝ። አቤት ጠመንጃ! ከአራት ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ እንጨቱ በዘይት ታሽቶ የሚያበራ። ስምንት ጥይት በአንድ ብረት ታቅፎ ይመጣል፤ በአውራ ጣትህ ወደ ታች ተጭነህ ታስገባዋለህ። ጣትህን ቶሎ ካላነሣህ መቀርቀሪያው ተወርውሮ ይነክስሃል። ስምንተኛዋ ስትተኮስ ባዶው ማቀፊያ “ጥንግ!” ብሎ ይዘላል። ስምንት ብቻ ስላለህ ታስባለህ፤ ለእያንዳንዷ ምክንያት ትፈልጋለህ። ክላሽ ግን ሠላሳ ይይዛል፤ ሠላሳ ጥይት ያለው ሰው ምን ብሎ ያስባል? አንዷን ለማስፈራራት፣ ሃያዋን ለሠርግ፣ የቀሩትን ደመናውን ለመብሳት። ድሮ መሣሪያው ራሱ አስተማሪ ነበር። የቀኝ አውራ ጣቴን ብታዩት ጠፍጣፋ ነው፤ ጥፍሩም ተጣሞ ነው የሚበቅለው፤ ይኼ ሁሉ በዚያ ትምህርት የመጣ ነው። ኤም ዋን ማንንም የማይጎዳ፣ ጨዋ ጠመንጃ ነበር።

ኋላ ታጠቅ መጣ። 1969 ዓ.ም.፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በቡራዩ በኩል፣ የአፄ ቴዎድሮስን የፈረስ ስም የያዘው ጦር ሰፈር። ሶማሊያ ልትወርረን ነው ተባለና 300 ሺህ ገደማ ሚሊሺያ ከሞፈርና ቀንበር ተነሥቶ ይሰልጥን ተባለ። የዛሬ ልጅ ሁሉን ነገር በአቋራጭ ይፈልጋል፤ እኛ ግን ምንም ሳንቸኩል፣ በትዕግሥት፣ ገበሬውን በሦስት ወር ወታደር አደረግነው። ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር፤ ግን ጤነኛ ብርድ ነው። ድንኳኑ ያንጠባጥብ ነበር፤ ግን ሰዓቱን ጠብቆ። ኮቾሮው ጥርስ ይነቅላል፤ የዛሬው ብስኩት አፍ ውስጥ ሳይታኘክ ይቀልጣል፣ ምን ክብር አለው? እንኳን ሰው፣ ቅማሉ ሥነ ሥርዓት ነበረው፤ የመኝታ ጡሩምባ ከተነፋ ንቅንቅ አይልም።

ግራና ቀኙ የማይለይለት አንድ ገበሬ ነበረኝ። “ግራ ዙር!” ስል ሁሉም ወደ ግራ፣ እሱ ወደ ቀኝ፤ ከጎኑ ካለው ጋር ግንባር ለግንባር ይጋጫሉ። ለብቻው ወስጄ “እርሻ ስትወጣ በግራ የምትጠምደው በሬ ማን ይባላል?” አልኩት። “ቦራ።” “በቀኝስ?” “ዳልቻ፣ ጌታዬ።” በቃ። “በቦራ ዙር!” ስለው ከጓዱ ሁሉ ቀድሞ ዞረ። ሳምንት ሳይሞላ ጓዱ በሙሉ በቦራና በዳልቻ ይዞር ጀመር። ሊጎበኝ የመጣ መኮንን ይኼንን አይቶ ምን አለ ትላላችሁ? ምንም አላለም። ድሮ አለቃ ይገባው ነበር። ዛሬ ቢሆን ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ሥልጠናውን ስለ ማሰልጠን ሌላ ሥልጠና ይዘጋጃል፣ አበል ይከፈላል፣ ውኃ በፕላስቲክ ይታደላል።

ጅጅጋ በየካቲት 1970 ነፃ ስትወጣ ሬዲዮ ሥር ነበርኩ። ሰው ይጨፍራል። እኔ ጥግ ይዤ በልቤ ስም እጠራለሁ፤ የማለዳ ቆጠራ ይመስል፣ ከቀኝ ረድፍ ጀምሬ። የባለ ቦራው ስም ላይ ስደርስ ቆምኩ። ወዲያ፣ ይኼ ለማንም የሚወራ ነገር አይደለም፤ የሠራዊት ሰው ጦርነት አያወራም። ወሬኛ ያደረገን ይኼ ስልክ ነው።

ዱላ ካላችሁኝ ደግሞ፣ እኔ ምልምል መትቼ አላውቅም። አርጩሜዋ ለማመልከቻ ብቻ ነበረች፤ የተነካ ካለ ባመለከትኩበት ቦታ ቀድሞ የተገኘ ነው። ብዙውን ጊዜ ያስተማርኩትም አለመተኮስን ነው። ሰው ቃታ መሳብን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይማረዋል፤ ዝንጀሮም ይማረዋል። ጣትን ከቃታው አውጥቶ በጎኑ ዘርግቶ መጠበቅ ግን ወራት ይፈጃል። ሌሊት ቁጥቋጦ ሲንኮሻኮሽ “ማነህ!” ሳይል የሚተኩስ ዘብ ወይ የድሃ ጥጃ ይገድላል፣ ወይ ሊሸና የወጣ ጓዱን። ስለዚህ ባዶ ጠመንጃ አሸክሜ ሌሊቱን ሙሉ ጫካ ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ፤ እኔ ደግሞ እየዞርኩ ቅጠል አንኮሻኩሻለሁ። “ማነህ” ያለ ቁርሱን ይበላል። ይኼንን በቪዲዮ አሳዩኝ እስቲ! ሌሊቱን ሙሉ ምንም የማይደረግበትን ቪዲዮ ማን ያየዋል?

በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነ፤ ከሰረ የተባለ ሱቅ ይመስል “ሂዱ” ተባልን። በ1990 የባድመ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ “የድሮዎቹ የት ናችሁ?” ተባለና ተመልሼ አሰለጠንኩ። ከዚያ ነው ጡረታ የወጣሁት፤ ወደዚህ ወደ ጎግም የመጣሁት። ባለቤቴ ወላጆቿ በ1977ቱ ሰፈራ ወደዚሁ ጋምቤላ፣ ወደ አቦቦ የመጡ ናቸው። “አገሬ እንግባ” አለች፤ እኔም ትእዛዝ አከበርኩ። የጎጓ ፑኝዶ ጥሩ ከተማ ነበረች። ማንጎው ጥላ አለው፣ የጊሎ ወንዝ ዓሣ አለው፣ አዞውም ቢሆን ክልሉን ጠብቆ ነው የሚኖረው። አሁን ባጃጅ ገባና ፀጥታው ጠፋ፤ ጉልበቴን ሲያመኝም የሚነዳው ልጅ ደጄ ድረስ ለመምጣት ዐሥር ደቂቃ ያዘገየኛል።

ደግሞ ቴኳንዶ አለላችሁ። አንድ ወጣት ከማንጎው ሥር ልጆቹን ነጭ ልብስ አልብሶ ያስጮኻቸዋል። በወሩ ቢጫ ቀበቶ ይሰጣል፤ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ። በእኛ ጊዜ ቀበቶ ሱሪ ለመያዝ ነበር፤ ቀለሟም አንድ ናት። ያ ሁሉ እግር ማንሣት ደግሞ ለምንድን ነው? ሰው እግሩን ጆሮው ድረስ ሲያነሣ የቆመበትን ይረሳል። ከሁሉም የገረመኝ ሳይደባደቡ በፊት ጎንበስ ብለው መሰጋገዳቸው ነው። የውጊያ ሰው ምን ያሰግደዋል? ይኼንን ልነግረው ሄድኩና፣ ሰውየው ባርኔጣ ሳያደርግ ሰላምታ ሊሰጠኝ ሲል ተቆጥቼ፣ ትክክለኛውን ወታደራዊ ሰላምታ፣ ክንዱ የሚታጠፍበትን ልክ፣ የጣቱን አሰላለፍ፣ እስኪመሽ አሳየሁት። አሁን ልጆቹ እኔ ሳልፍ በሙሉ ሰላምታ ይሰጡኛል። ለእሱ ግን ጎንበስ ነው የሚሉት፤ አያሳዝንም?

ጎረቤቴ የአኝዋ ሽማግሌ ናቸው። ማታ ማታ ጥላ ሥር ተቀምጠን፣ “ያለ ሥልጠና ተዋጊ የለም፣ ያለ አሰልጣኝ ጦር የለም” እያልኩ አስረዳቸዋለሁ። ዝም ብለው ይሰሙኝና ፒፓቸውን አራግፈው “ሻምበል ባሻ፣ አክዌይ ዋ ቻምን ማን አሰለጠነው?” ይሉኛል። አክዌይ የአኝዋ መኳንንት ወገን ነበር። በ1904 ዓ.ም. እንግሊዞች ከሱዳን በኩል የአኝዋን መሣሪያ ሊያስፈቱ ጦር ይዘው መጡ። የአክዌይ ሰዎች ደግሞ በዝሆን ጥርስ ንግድ ከኢትዮጵያ ነጋዴ የገዙት ውጅግራ ነበራቸው። ውጅግራ አንድ ጊዜ የሚጎርስ ነው፤ ተኩሰህ ቀለሁን አውጥተህ፣ ሌላ ታጎርሳለህ። በዚያ መሣሪያ ያንን የሰለጠነ ጦር ገጥመው፣ መኮንኖች ጭምር ብዙ ሰው ገደሉበት። “ታዲያ ማን አሰለጠናቸው?” ይላሉ ሽማግሌው። “እንግሊዙን ያሰለጠነው ሰው ነው ጥፋተኛው” እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። በማግሥቱ ያንኑ ጥያቄ እንዳዲስ ይጠይቁኛል፤ እኔም ያንኑ መልስ እመልሳለሁ። ይኼ ነው እንግዲህ ሥልጠና፤ መደጋገም!

ደግሞ የጡረታው ነገር አለ። ድሮ ደመወዝ ከፋዩ መጥቶ ስምህን ይጠራል፣ ፊትህን ያያል፣ ትፈርማለህ፣ ትቆጥራለህ፤ ቢጎድል ትጣላለህ። ሰው ከሰው ጋር ነበር የሚጣላው። አሁን በሕይወት መኖሬን በአሻራ ላረጋግጥ ተባልኩ። ሄድኩ። አንዱ ወጣት አንድ ትንሽ መስተዋት ላይ “አውራ ጣት” አለኝ። አስቀመጥኩ። መሣሪያው ቀይ በራ። “ጥረግ” አለኝ። ጠረግኩ። ቀይ። በሱሪዬ፣ በሶፍት፣ በአልኮል አሻሸነው፤ ቀይ። “አባባ፣ ጣትህ አይነበብም” አለኝ። “ጣቴን ኤም ዋን ነው የበላው” አልኩት። “ሲስተሙ ላይ እንዲህ የሚል ምርጫ የለም” አለ። እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜ እጮኻለሁ፤ እሱ በሕይወት መኖሬን ከመሣሪያው ይጠይቃል። ሙት ቢሆን ኖሮ እንደዚያ ይሳደባል? በመጨረሻ በግራ ጣቴ አረንጓዴ በራ። ስለዚህ የምኖረው በግራ በኩል ነው፤ በቦራ በኩል።

ስልክ አልወድም፤ ይኼንን ሁሉም ያውቃል። ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ሳይ ደሜ ይፈላል፤ ዘብ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ ይሄዳል? የልጅ ልጄን ስልኳን ቀምቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ፤ እሷም እየተነጫነጨች ስትተኛ የውጭ አገር ክብር ዘቦች ሰልፍ የሚያሳዩበትን ከፍቼ ስሕተታቸውን እቆጥራለሁ። ትናንት አንዱ የግራ ክንዱን ከልክ በላይ አወዛወዘ። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተቆጥቼ አልተኛሁም፤ ባትሪው ባያልቅ ኖሮ ይነጋ ነበር።

ጡረታ ማለት ዕረፍት ነው፤ እኔም ማንንም ሳላስቸግር ዐርፌ ነው የምኖረው። ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ፊሽካዬን ብቻ እነፋለሁ። የመንደሩ ልጆች፣ ውሾቹ፣ አንዳንዴም የባጃጁ ልጅ፣ አጥር ሥር ይሰለፋሉ። ማንም አላስገደዳቸውም፤ የቀረ ስሙ በአባቱ ፊት ይጠራል፣ ያ ብቻ ነው። ጎረቤቶቼ ፊሽካውን ሦስት ጊዜ ደበቁብኝ። ይኼ ነው የዛሬ ሰው፣ ለወጣቱ የሚያስብ የለም!

የፊታችን ቅዳሜ ደግሞ ያ የቴኳንዶ ወጣት የቀበቶ አሰጣጥ በዓል አለው። የክብር እንግዳ ሁንልን ብሎ በወረቀት ሳይሆን በመልእክት ላከብኝ፤ እንኳን ልሄድ ላነበውም አልነበረም። አልሄድም። ለባለቤቴም ነግሬያታለሁ፤ አልሄድም፣ የደንብ ልብሴን ብቻ በደንብ ተኩሺልኝ፣ ከስክሱንም እኔው እቀባዋለሁ ብያለሁ። ሁለት ሰዓት ብለውኛል፤ ስለዚህ አንድ ተኩል ላይ ከማንጎው ሥር እገኛለሁ። ወንበሮቹ በረድፍ ካልተደረደሩ፣ የመጀመሪያው ረድፍም ወደ ፀሐይ ከዞረ፣ ልጆቹን አሰልፌ በዳልቻ አዙሬ እንደገና አስደረድራለሁ፤ ቀበቶውም እስከዚያ ይቆያል።